መጋረጃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ

ጡረታ በወጣሁበት ቀን የላቦራቶሪው ልጆች ኬክ አስቆረሱኝ፤ አበባ አስታቀፉኝ፤ ቀጥለውም "እትዬ ማርታ፣ እስቲ አንድ ምክር ጣል ያድርጉልን" አሉ። እኔ ምክር ሲሰጡኝም አልወድ፣ ስሰጥም አይሆንልኝ። "ወንበራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ይሄ ሥራ መጀመሪያ የሚበላው ወገብን ነው" ብዬ አሳቅኋቸውና ኬኬን በላሁ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን በራሴ ተናደድኩ። መንገር የነበረብኝን ነገር ዋጥ አድርጌ ነው የመጣሁት። ዛሬ እነሱ የሚሠሩበት ማሽን ናሙናውን በአንድ በኩል ተቀብሎ፣ ቀለም አጠጥቶ፣ በሌላ በኩል ያወጣል፤ ሴሉንም ተደላድለው ተቀምጠው በስክሪን ነው የሚያዩት። ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። አጠገቡ የቆመው ሰው የሚያውቀውን ደብቆ ዝም ካለ ግን ማሽኑ ምን ያድርግ? ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ ዳር የስፌት መኪና የተከለ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ፣ ሰፈር ውስጥ ወላይትኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገርኩ ነው ያደግኩት፤ በሦስቱም ስቆጣ አንደበቴ ፈጣን ነው። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩን በሚያመቻችበት ጊዜ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ዲፕሎማዬን ይዤ ቤሌ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ።

ጤና ጣቢያው መብራት አልነበረውም። ማይክሮስኮፑ ከሥሩ መስታወት ያለው፣ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ላይ የሚልክ ዓይነት ነው። ጠዋት ጠረጴዛዬን ወደ ምሥራቁ መስኮት አስጠጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተሸክሜው ወደ ምዕራቡ በረንዳ እሄዳለሁ። የወባ ታማሚው ሰልፍም ጠረጴዛዬን ተከትሎ ይዞራል። ደመና ከመጣ ሥራ ቆመ ማለት ነው፤ በሽተኛውም እኔም አንጋጠን ሰማይ ሰማዩን እናያለን። አለቃዬ ደመና የዋለ ቀን ሁሉንም "ወባ ነው" ብሎ ያክምና በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ልክ እንደነበር እንዳረጋግጥለት ይለማመጠኛል። የቤሌ ሰዎች "ፀሐይ አሳዳጇ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሰው መጥቶ "ብርሃን ሥራ ያበላሻል" ቢለኝ እስቅበት ነበር።

ከዚያ ወደ ሶዶ ተዛወርኩ። የሆስፒታሉን ስም ልተወው፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። የተመደብኩት ከበሽተኛ ገላ የተቆረጠ ሥጋ በሚመረመርበት ክፍል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋዋናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው ሰው። የማውቀውን ሥራ በሙሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቀድሞ አውቀዋለሁ ያልኩትንም አስጥለውኛል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በማይክሮስኮፑ ሳይ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና "ሁለቱንም ክፈቺ። አንዱ ይሥራ፤ ሌላው አጠገቡ ይቀመጥ። እንዲህ እየጨፈንሽ ጡረታ አትደርሺም" አሉኝ።

ናሙና ሲመጣ ከሥጋው በፊት የሚያዩት ሰዓቱን ነበር። አንድ ነርስ "አሁን ነው የተቆረጠው" ብላ ብልቃጡን ስታቀብላቸው "አሁን ማለት ስንት ሰዓት ከስንት ነው?" ይላሉ። ከሰው የተለየ ሥጋ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ራሱን መብላት ይጀምራል፤ በሴሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ጌታቸው መሞቱን ሳያውቁ ሥራቸውን ይቀጥላሉ ይሉኝ ነበር። ናሙናው ሰም ከጠጣ በኋላ በስሱ መቁረጥ ነው፤ በዚያ ላይ የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ከተማውን በሚያለብስበት ጠዋት ሰሙ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጋሽ አንጁሎ ሰሙን በመዳፋቸው ይዘው በትንፋሻቸው ያለሰልሱታል። ቁራጩ እንደ ጥብጣብ ከቢላዋው ሲወጣ እሳቸውም እኔም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ አንድ ሰው ካስነጠሰ የጠዋቱ ሥራ መሬት ላይ ነው። ጥብጣቡን ለብ ባለ ውኃ ላይ እንዘረጋዋለን፤ የውኃውን ሙቀት እንደ እናት በክርናቸው ነው የሚለኩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን የጠዋቱ ጥያቄ ነበር። ገብተን፣ ጋዋን ለብሰን፣ ገና እጃችንን ሳንታጠብ "ትናንት ምን አበላሸን?" ይላሉ። ሁልጊዜም ከራሳቸው ይጀምራሉ። "እኔ ትናንት የሁለት ሰው ብልቃጥ ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር፤ እግዜር ነው ያወጣኝ" ይላሉ፤ ከዚያ ተራው የእኔ ነው። በደብተር ያሰፍሩታል፤ ማንም ላይ አይቆጡም። ያ ጊዜ የግምገማ ዘመን መሆኑን አስታውሱ። በየጊዜው አዳራሽ እንሰበሰብና እገሌ አረፍዷል፣ እገሊት ፊት ትነሳለች፣ የአመለካከት ችግር አለባት እየተባባልን እንውላለን። እዚያ የሌላውን ስህተት ነው የምናወራው። እውነቱን ለመናገር ግምገማውን እፈራው ነበር፤ እንደ እኔ ምላሷ የፈጠነ ሴት እዚያ ብዙ ወዳጅ የላትም።

ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ በነበሩት ዓመታት የቆዳ ሐኪማችን ዶክተር ሰለሞን ከውጭ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ አንድ ቀይ መብራትና አንድ ካርቶን ቅባት ይዞ መጣ። ወጣት ነው፤ ሲያስረዳ እጁ አያርፍም። ላቦራቶሪው ውስጥ ቆሞ ለጋሽ አንጁሎና ለእኔ የነገረንን አልረሳውም።

"ቅባቱ ራሱ መርዝ አይደለም" አለ። "ካንሰር ያለበት ቆዳ ላይ ሲቀባ ሴሉ በራሱ ኢንዛይሞች እየሠራ ብርሃን የሚፈራ ነገር ያደርገዋል። ጤነኛው ሴል ብዙ አያጠራቅምም፤ የታመመው ያጠራቅማል። ሦስት ሰዓት በጨለማ እንጠብቀዋለን። ከዚያ ቀዩን መብራት እናበራበታለን።"

"እንግዲህ ካንሰሩ የሚገድለውን ራሱ ያበስላል ማለት ነዋ?" አሉ ጋሽ አንጁሎ።

"አዎ። እኛ የምንለኩሰው እሳቱን ብቻ ነው። ሦስት ሰዓቱ ሳይሞላ ብርሃን ካገኘው ግን የበሰለው በከንቱ ያልቃል።"

"ሴሉስ እንዴት ነው የሚሞተው?"

ዶክተሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደነበር ፊቱ ነገረኝ። ሴል ሁለት ዓይነት አሟሟት አለው አለ። አንዱ ፈንድቶ መሞት ነው፤ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ይቆስላል። ሌላው በሥርዓት መሞት ነው። ካስፔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ አፋቸው ታስሮ ተኝተዋል። ብርሃኑ ሴሉን ከውስጥ ሲጎዳው የመጀመሪያው ይነቃል፤ እሱ የሁለተኛውን እስር ይፈታል፤ ሁለተኛው የሦስተኛውን። ሲነቁ ሴሉን ከውስጥ ይቆራርጡታል፤ ቤቱን ራሱ አፍርሶ፣ ምሰሶውን ቆራርጦ፣ እንጨቱን ለጎረቤት አከፋፍሎ እንደሚሄድ ሰው። ጎረቤት ሴሎች ፍርስራሹን ይበሉትና ቦታው ይጸዳል። እነዚህን ኢንዛይሞች እንዳይነቁ ጨምድደው የሚይዙ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ አንዳንድ ካንሰር ደግሞ የሚታወቀው እነዚያን በማብዛት ነው። ያኔ መብራቱም ቅባቱም አያሸንፉትም።

የእኛ ሥራ በማግሥቱ ከታከመው ቦታ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ናሙና ተቀብሎ ኢንዛይሙ መንቃቱን ማየት ነበር። ከመብራቱ ጋር አብሮ የመጣ ፈሳሽ አለ፤ የነቃውን ኢንዛይም ብቻ ፈልጎ ቡናማ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን በሽተኛ ስላይድ ያየሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ሰማያዊ በሆነው ሜዳ ላይ ቡናማ ሴሎች ተሰልፈው ነበር፤ የተኮማተሩ፣ ኒውክሊየሳቸው የተቆራረሰ፣ ጸጥ ብለው የሚሄዱ። ስንት ዓመት ሞት በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሞት ግን የለም። ጋሽ አንጁሎም አዩ፤ ቀና ብለው እንደገና አጎነበሱ።

ክፍሉን ለማጨለም ጥቁር መጋረጃውን በአባቴ የስፌት መኪና ራሴ ሰፋሁት። ቅባት መቀባትና በጨለማ መጠበቅ የእኔ ድርሻ ሆነ።

መምህርት ታደለች ከቤሌ ወዲያ ካለችው ሃላሌ የመጣችው ቅባቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ የቀረው ለሁለት ሰው የሚበቃ ብቻ ነበር። አልቢኖ ናት፤ ቆዳዋም ፀጉሯም ቀለም ሳይኖረው የተወለደች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። በአፍንጫዋ ቀኝ ጎን ላይ አልድን ያለ ቀይ ቅርፊት ነበራት፤ ገና ወደ ውስጥ ያልሰረገ ካንሰር። በቢላዋ ከሆነ የአፍንጫዋ አንድ ጎን አብሮ ይሄዳል ተብላለች። እናቷን አስከትላ፣ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ መጣች።

ቅባቱን ስቀባት "አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው" አለችኝ። "መስከረም ላይ ልጆቹ ይፈሩኛል። ዴስክ ሥር የሚገቡም አሉ። ጥቅምት ላይ ይለምዱኛል። ኅዳር ላይ ፀጉሬን ካልጎነጎንን ይላሉ። ይሄን አፍንጫ ከቆረጡት ግን ጥቅምት የሚመጣልኝ አይመስለኝም።"

"አይቆረጥም" አልኳት። እንደዚያ ብዬ አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት።

ሦስት ሰዓት ላይ ቀባኋት፤ በፎይልና በጨርቅ ሸፈንኳት፤ መጋረጃውን ዘጋሁ። መብራቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተንኳኳ። እናቷ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሄዳ የጸሎት ጥያቄ አቅርባ ኖሮ፣ ወንጌላዊ ቶማስና ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ እህቶች በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። ወንጌላዊ ቶማስን እንዴት እንደምገልጻቸው አላውቅም። አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። አማርኛን በጎልማሳነታቸው ስለተማሩት ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት፤ ሶዶ ውስጥ ማንም አይቀየማቸውም።

"ሳሮ፣ ሳሮ፣ ልጄ፣ አይዞህ" ብለው ታደለችን በወላይትኛ ሰላም አሏት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "ማርታ፣ ይህ ጨለማ ምንድነው? ቃሉን ላነብ ነው። ዓይኔን ደግሞ ታውቃለህ። ትንሽ ክፈት።"

"ወንጌላዊ፣ መድኃኒቱ ብርሃን..." ብዬ ጀመርኩ።

"አንድ ምዕራፍ ነው፣ ልጄ።"

ፊቷ ተሸፍኗል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መጋረጃውን አንድ ክንድ ያህል ገለጥኩት። እሳቸው መስኮቱ ጋ ተጠግተው አነበቡ። ሲጨርሱ አንዷ እህት ወደ አልጋው ቀረብ አለችና "እጃችንን በበሽታው ቦታ ላይ እንጫን" ብላ ጨርቁንም ፎይሉንም ወደ ላይ አነሳችው። አፌን ልከፍት ስል ወንጌላዊ "እንጸልይ" አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ "እንጸልይ" ሲባል ዓይኔ በራሱ ይከደናል። ያን ቀንም ተከደነ። ወንጌላዊ ደግሞ አጭር ጸሎት የላቸውም። ለታደለች፣ ለእናቷ፣ ለሃላሌ ልጆች፣ ለሐኪሞቹ፣ ለእኔም በስሜ ጸለዩ። እንባዬ መጣ። "አሜን" ብለን ዓይኔን ስከፍት የቀትሯ ፀሐይ በገለጥኩት በኩል ገብታ የታደለች አፍንጫ ላይ ተኝታለች።

ሸኘኋቸው። ሸፈንኳት። መጋረጃውን ዘጋሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ መጥቶ መብራቱን አበራ። ሌሎቹ በሽተኞች መብራቱ ሲያርፍባቸው እንደ እሳት ያቃጥላል ብለው ጥርሳቸውን ይነክሱ ነበር፤ እሷ ዝም ብላ ተኛች። "ጎበዝ ነሽ" አላትና ወጣ። ፊቷን ስጠርግላት በጆሮዬ "አሁን ምንም አልተሰማኝም" አለችኝ። "በጸሎቱ ሰዓት ነው ያቃጠለኝ። እናቴ መንፈስ ቅዱስ ነው አለች።"

ያኔውኑ ገባኝ። ያቃጠላት ፀሐይዋ ነበረች።

ናሙናው በማግሥቱ ማክሰኞ መጣ፤ ስላይዱ ሐሙስ ደረሰ። ቡናማው ከላይ በኩል ብቻ አንድ ስስ መስመር ነበር። ከሥሩ ያሉት የካንሰር ሴሎች ምንም ሳይነካቸው ተኝተዋል። ዶክተር ሰለሞን አይቶ ቀዘቀዘ። "ኢንዛይሞቹን የሚይዟቸው ነገሮች በዝተውባት ነው። የእሷ ካንሰር በዚህ ሕክምና አይነቃነቅም" አለ። ለአዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ሪፈር ጻፈላት፤ እሷም ክፍሏን ለሌላ መምህር ለማስረከብ ወደ ሃላሌ ተመለሰች። የቀረችው አንዲት ቱቦ ቅባት ጆሯቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር ለወጣባቸው አንድ አዛውንት ገበሬ እንድትሆን ወሰነ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ለምን እንዳልተናገርኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ግምገማውን ፈርቻለሁ፤ እሱ አለበት። ትልቁ ግን ሌላ ነው፤ በእኛ ከተማ "ጸሎት ሕክምናውን አበላሸው" ብሎ ማን ይናገራል? ወንጌላዊ ቶማስን አደባባይ ማውጣት፣ የዚያችን እናት ተስፋ መስበር መሰለኝ። በዚህ ሰበብ ራሴንም ሸሸግሁ።

ዓርብ ጠዋት አዛውንቱን እኔው ቀባኋቸው። ቱቦውን ከታች ጀምሬ ጠቅልዬ እስከ ጫፉ ጨመቅኩት። እየጨመቅኩ አውቅ ነበር። ይህ የታደለች ነው፣ አሁን ተነስቼ ዶክተሩን ብጠራው ይደርሳል እያልኩ ጨመቅኩት። ከዚያ በር ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንንም አላስገባሁም። ዘመዶቻቸው ተቆጡኝ፤ ንቅንቅ አላልኩም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን በትክክል የሠራሁት ሥራ የለም፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትም የለም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ አንጁሎ እንደ ልማዳቸው "ትናንት ምን አበላሸን?" አላሉም። ዓይናቸው ቀልቷል። ቅዳሜን ሙሉ ብቻቸውን ገብተው ከታደለች ናሙና አዲስ ቁራጭ ሲቆርጡ፣ ፎርማሊኑን እንደገና ሲበጠብጡ፣ ቀለሙን ሲፈትኑ እንደዋሉ ጠረጴዛው ላይ ካለው አየሁ። ደብተሩን ገልጠው "የመምህርቷን ናሙና ያበላሸሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም" አሉ። "እጄ እየከዳኝ ነው፣ ማርታ። ለልጆች ብለቀው ይሻላል።"

ቆሜ መስማት አልቻልኩም። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ስንት ደቂቃ ነው ፀሐይ ያረፈባት?"

"አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

"ዓርብ ቅባቱን ስትቀቢ ይሄን ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"መስኮቱን እኔም እከፍት ነበር" አሉ። "ወንጌላዊ ሲያዙኝ እንቢ የምል ሰው አይደለሁም። ዓርብን ግን ምን ላድርግልሽ? እሱን ማንም አያግዝሽም።" አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጋዋናቸውን አውልቀው "ተነሽ" አሉኝ። ደቂቃው ሳይታወቅ ዶክተሩ ጋ አንሄድም አሉ፤ ካልታወቀ ኢንዛይሙ አልነቃም የሚለው መዝገብ እንዳለ ይቀራል፤ ነገ እንደሷ ያለ ሰው ሲመጣም በእሷ ምክንያት ሕክምናውን ይከለከላል። ወንጌላዊ ቶማስን ቤታቸው በረንዳ ላይ አገኘናቸው። ጋሽ አንጁሎ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና የመጣንበትን ነገሯቸው። "ያንኑ ጸሎት እንደ ባለፈው ሰኞ አድርገው ይጸልዩልን፤ እኔ ሰዓት ልያዝ" አሏቸው። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ወንጌላዊ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ለሁሉም እንደገና ጸለዩ፤ የእኔ ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ ግን ያን ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

"አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ" አሉ ጋሽ አንጁሎ።

"ጦሲ በጨለማም ይሰማል" አሉ ወንጌላዊ ቀስ ብለው፤ እግዜርን በወላይትኛ መጥራታቸው ነው። "ብርሃን የፈለገው የእኔ ዓይን ነው። ምነው ልጄ፣ 'አይሆንም' ብለህ ብትቆጣኝ? ካንተ ቁጣ መች ተርፌ አውቃለሁ?"

ዶክተር ሰለሞን ጮኸብኝ፤ መብቱ ነው። መዝገቡን ግን ወዲያው አስተካከለ፤ ያለጊዜው ብርሃን አግኝቶታል ተብሎ ተጻፈ። ቅባት እንዲላክለት ያልጠየቀው ሰው የለም። ቶሎ አይደርስም አሉት፤ ካንሰሩ ደግሞ የሚጠብቅ አልነበረም። የታደለች የአዲስ አበባ ቀጠሮ ለሳምንት ነው። ጋሽ አንጁሎ "ሄደሽ ራስሽ ንገሪያት" አሉኝ። በአውቶቡስ በቤሌ በኩል ሃላሌ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ ደጅ በጣራው ጥላ ሥር ቆመን ነገርኳት። ባርኔጣዋን አላነሳችም። የመጋረጃውንም የዓርቡንም ነገርኳት፤ ዓርቡን ስነግራት መሬት መሬቱን ነበር የማየው። ልጆቹ ከክፍሉ ውስጥ እየጮኹ ያነባሉ።

"ሽማግሌው ጆሯቸው ዳነ?" አለችኝ።

"እየዳነ ነው።"

"እንኳን" አለች። ባርኔጣዋን ዝቅ አደረገችና "ለእናቴ እንዳትነግሪ። ያንን ጸሎት ነው ይዛ የቀረችው" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ደህና ሁኚም አላለችኝ።

ቆረጧት። ካንሰሩ አልተረፈም፤ የአፍንጫዋ ቀኝ ጎንም አልተረፈም። በግምገማ ተነሳሁ፣ ተወቀስኩ፣ አንድ የደረጃ እድገት አለፈኝ፤ ያ ሁሉ ከሃላሌ መልስ ቀላል ነበር። ወንጌላዊ ቶማስ ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሊጠይቁ ሲመጡ በር ላይ ቆመው "ልግባ? ልክፈት?" ብለው ሳይጠይቁ አልገቡም። ጋሽ አንጁሎ ጡረታ ወጥተው አረፉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ የጠዋቱን ጥያቄ እኔ መጠየቅ ጀመርኩ። ይናፍቁኛል። አሁንም ሰም ሲሸተኝ ድንገት ከኋላዬ ያሉ ይመስለኛል።

ታደለች መምህርነቷን አልተወችም። በአንድ ዓመት ልጆቹ ጥቅምት ላይ ሳይሆን ታኅሣሥ ላይ እንደለመዷት ነገረችኝ፤ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። ቆዳዋ እንደዚያ ስለሆነ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ፊቷ ወይም ክንዷ ላይ የሚያሰጋ ነገር ብቅ ይላል፤ ይቆርጡላታል፤ ናሙናው ወደ እኛ ይመጣል። ሁልጊዜም ከወረቀቱ ጀርባ "ማርታ ትየው" ብላ ትጽፋለች። እኔም ብልቃጡን በእጄ እቀበላለሁ፣ በእጄ እቆርጣለሁ፣ ሦስት ጊዜ ሳላይ አልፈርምም። ሻይ አብረን ጠጥተን አናውቅም።

ጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ መጣች። ፀጉሯ ሸበተ እንዳልል ድሮም ነጭ ነው፤ ፊቷ ግን አርጅቷል። ውጤቷን ነገርኳት፤ ንጹሕ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "ከእንግዲህ ማን ነው የሚያየኝ?" አለች።

"ዮናስ የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ። ከእኔ ይበልጣል። አዲሱንም ማሽን የሚያውቀው እሱ ነው።"

"ማሽኑን ተይው" አለች። "አንቺ የበደልሽኝ በደል ስላለ ትጠነቀቂልኛለሽ። እሱ ምን በደለኝና ይጠነቀቅልኛል?"

በነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠይቄያት የማላውቀውን ያኔ ጠየቅኳት። "ይቅር ብለሽኛል?"

"አላልኩሽም" አለች፤ ባርኔጣዋን አድርጋ ተነሳች። "ጡረታ ውጪ፣ ማን ከለከለሽ። የእኔን ግን አንቺ ነሽ የምታይው።"

ጡረታ ወጥቼ ይህን ስጽፍ ሰኔ ላይ ከክንዷ የተቆረጠ ናሙና መጣ። ሄጄ ወንበር ጠየቅኩ፤ ልጆቹ ሥራው ናፍቋት ነው ብለው ተሳሳቁ። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ሃላሌም ራሴ ደውዬ ነገርኳት።